የዋንዛ ገበታን ከምድጃ ጎን እንዴት እንግጠም?

ደብረ ማርቆስ ላይ መጀመሪያ የገጠምኩት የወጥ ቤት ገበታ፣ ማለትም ካቢኔት ላይ የሚያርፈው የሥራ ጣውላ፣ ዋንዛ ነበር። በነሐሴ ዙሪያውን በብሎን ጠፍሬ፣ ላዩን ብቻ ዘይት ቀብቼ አስረከብኩ። ጥር ላይ ከምድጃው በኩል ካለው ጫፍ የጀመረ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣበት። ጥፋቱ የእንጨቱ አልነበረም፤ መላወሻ የነፈግኩት እኔ ነኝ።

እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም። በወርዱ ግን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፤ 60 ሳንቲሜትር ወርድ ባለው ገበታ ልዩነቱ ሚሊሜትሮች ይደርሳል። ምድጃው ደግሞ አንዱን ጫፍ ለይቶ ያደርቀዋል።

በመጀመሪያ ጣውላው በሚገጠምበት ቤት ውስጥ፣ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ በቀጫጭን እንጨት ተደግፎ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይክረም። ካቢኔቱን በውኃ ልክ ያስተካክሉ። የምድጃው ማብሰያ ከገበታው ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል፤ እንጨቱ ከበለጠ እሳቱ ጎኑን ይልሰዋል።

ከመግጠምዎ በፊት ጥሬ የተልባ ዘይት ይቀቡት፦ ላዩን፣ ታቹን፣ ይልቁንም ጫፉን። ተቆርጦ የወጣው ጫፍ እንደ ደረቅ መሬት ይመጠዋል፤ መምጠጡን እስኪያቆም ይደጋግሙለት፣ የተረፈውን ይጥረጉ፣ በየመሐሉ ቀናት ሰጥተው ያድርቁ። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድደው አይጣሉ፤ ራሱን በራሱ አግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ደጅ ዘርግተው ያድርቁት።

አሁን ብሎኑ። በካቢኔቱ የፊት ማሰሪያ ላይ ክብ ቀዳዳ ይበቃል። በኋላው ግን በትራፓኖ ጎን ለጎን በስተው፣ ከፊት ወደ ኋላ የረዘመ፣ 10 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ ያውጡ። ብሎኑን ከሮንዴላ ጋር ከታች ያስገቡ፤ ይያዝ እንጂ አይታነቅ። ኮላ እዚህ ቦታ የለውም።

ከግድግዳው በኩል የሚተዉት ክፍተት እንደ ወቅቱ ነው። በነሐሴ እንጨቱ አብጧልና 3 ሚሊሜትር ይበቃል፤ በመጋቢት ከሆነ ሐምሌ ከፊቱ ነውና 6 ይተዉለት። ከምድጃው በኩል ግን የምድጃው መመሪያ ያዘዘውን ያህል ይራቁ። እኔ በዚያ ጫፍ ላይ የማይዝግ ላሜራ እገጥማለሁ፤ ከእንጨቱ እንዳይጣበቅም ከኋላው ሮንዴላ እደርባለሁ፤ በመሐል የሚያልፈው አየር ሙቀቱን ይወስደዋል።

ጀበናውን ከእሳት አውርደው በቀጥታ ዋንዛው ላይ አያሳርፉ። ማቶቱ እዚያው ይኑር።