የግቢ በር ሞተር ሲያስቸግር፦ ሞተሩን ከመፍታት በፊት መብራቱን

ድሬዳዋ ላይ አውቶማቲክ በር እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚታማው ቦርዱ (ሞተሩን የሚቆጣጠረው ሰሌዳ) ነው፤ ቦርድ ደግሞ ውድ ነው። ጥፋቱ ግን ቦርዱ ጋ የሚደርሰው ገመድ ላይም ሊሆን ይችላል። ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት የበሩን ብሬከር ያጥፉ፣ ሰው መልሶ እንዳያነሳው በናስትሮ ይጠቅልሉት፣ የመጠባበቂያ ባትሪ ካለው ይንቀሉ። በመልቲሜትር ፌዝና ኒውትራል (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውና የሚመልሰው ገመድ)፣ ከዚያም ፌዝና ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ገመድ) መካከል ዜሮ መሆኑን ያረጋግጡ። የካቻቢቴ ቴስተር አለመብራቱ ብቻውን አያስተማምንም።

ቀን ይሠራል፣ ማታ እያቃሰተ ይቆማል

የ220 ቮልት ሞተር ጉልበት የሚቀንሰው ከቮልቴጁ በላይ ነው። መስመሩ 180 ቮልት ሲደርስ የሚቀረው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። ቀጭን ገመድ ሲጨመርበት ይብሳል፦ ሲነሳ 15 አምፔር የሚስብ ሞተር በ40 ሜትር ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ላይ 14 ቮልት ያህል ያጣል፤ በ2.5 ከሆነ ወደ 8 ይወርዳል። በሩ ቆሞ ሲለካ 220 ማሳየቱ አያታልልዎ፤ ሞተሩ ሲነሳ ነው መለካት ያለበት። ይህ መብራት እያለ የሚሠራ ስለሆነ ለባለሙያ ይተው። ቮልቴጁ ብሬከሩ ላይም አብሮ ከወረደ ችግሩ የመስመሩ ነው፤ የመነሻውን 15 አምፔር የሚችል ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። ሞተሩ ጋ ብቻ ከወረደ ገመዱ ቀጥኗል ወይም ሞርሴቶው (የገመድ ማገናኛው) ላልቷል።

ያቃስታል፣ አይንቀሳቀስም

በመፍቻ ቁልፉ በሩን ከሞተሩ ያላቁና በእጅ ይግፉት። ከከበደ ሐዲዱ በአሸዋ ተሞልቷል፤ ይጠረግ። ቀሎ ከሄደ ካፓሲተሩን (ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳውን) ይጠርጥሩ፤ የድሬ ሙቀት ለእሱ አይመቸውም። ምትኩ ያው ማይክሮፋራድ ይኑረው፣ ቮልቱ ከ450 አይነስ። መብራት ከጠፋም በኋላ ቻርጅ ሊይዝ ስለሚችል ከመንካትዎ በፊት በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያራግፉት።

የበሩ ብረት ይነዝራል

በሩን ማንም እንዳይነካ አድርገው ብሬከሩን ወዲያው ያጥፉ። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ሰው የሚገድለው ይኸኛው ነው። ፌዙ የሆነ ቦታ ተልጦ ብረቱን ነክቷል፣ ኧርዙም የለም ወይም ደክሟል። ብዙዎች አንድ ዘንግ ቀብረው ጨረስን ይላሉ፤ ደረቅና አሸዋማ አፈር ውስጥ ግን የአንድ ዘንግ መቋቋም 100 ኦም ቢሆን በእሱ የሚያልፈው 2.2 አምፔር ብቻ ነው። ባለ 10 አምፔር ብሬከር በዚህ አይወድቅም፤ በሩ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ከብሬከሩ ጋር 30 ሚሊ አምፔር የሚሰማ አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲሾልክ መስመሩን የሚቆርጥ ማጥፊያ) የግድ ነው። አረንጓዴና ቢጫው ገመድ ከሞተሩ አካል ጋር በብሎን ይታሰር፤ ኒውትራልን በኧርዝ ቦታ መጠቀም ፈጽሞ አይሞከርም። ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን በሩ ራሱ ፌዝ ይሆናል።

ዝናብ ሲዘንብ አርሲዲው ይወድቃል

ሞተሩን ከሞርሴቶው ነቅለው፣ የገመዱን ጫፎች ሸፍነው አርሲዲውን መልሰው ያንሱት። አሁንም ከወደቀ ውኃ የገባው ገመዱ ውስጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ መሬት ውስጥ በናስትሮ የተጠቀለለ መቀጠያ ይገኛል። ገመዱ ሳይቀጠል፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይቀበር። ከተነቀለ በኋላ ካልወደቀ ጥፋቱ የሞተሩ ሳጥን ነው፦ የገመድ መግቢያው ይደፈን፣ መቀመጫው ጎርፍ ከሚደርስበት ከፍ ይበል።

ሊዘጋ ሲል ይመለሳል

የፎቶሴሉን (በበሩ መንገድ ላይ የቆመ ነገር መኖሩን በጨረር የሚለየውን) መስታወት ከአቧራ ይጥረጉ። በተወሰነ ሰዓት ብቻ ከሆነ ፀሐይ በቀጥታ መቀበያው ላይ እየወደቀች ነው፤ መቀበያውንና ላኪውን ያቀያይሯቸው። የፎቶሴሉ ቀጭን ሽቦ ከ220ው ጋር በአንድ ቱቦ ካለፈም ለየብቻ ያድርጓቸው።

ደጋግሞ ከተከፈተ በኋላ ዝም ይላል

ሞተሩ ግሎ ራሱን አጥፍቷል። ሰርግ ወይም ለቅሶ ባለበት ቀን በሩን አላቆ በእጅ መክፈት ይሻላል።