በሲስኮ ስዊች ላይ የጂአርኢ ተነል እንዴት እንደሚዋቀር

ሁለት ቅርንጫፎች በመካከላቸው የሌላ ድርጅት ኔትወርክ ሲኖር የውስጥ አድራሻቸውን በጂአርኢ ተነል (አንዱን ፓኬት በሌላ ፓኬት ውስጥ ጠቅልሎ በሚያሻግር መንገድ) ማገናኘት ይቻላል። በምሳሌያችን የስዊች ሀ ሉፕባክ (በስዊቹ ውስጥ ያለ ምናባዊ ኢንተርፌስ) 192.0.2.1፣ የስዊች ለ ደግሞ 198.51.100.1 ነው። ትዕዛዞቹን እዚህ በአነባበባቸው ጽፈናቸዋል።

መጀመሪያ ስዊቹ ላየር 3 (በአይፒ አድራሻ መንገድ መምረጥ የሚችል) መሆኑንና ጂአርኢን በሃርድዌር መሥራቱን ከሞዴሉ ሰነድ አረጋግጡ። አንዳንድ አነስተኛ ስዊቾች ትዕዛዙን ዝም ብለው ይቀበሉና ፓኬቱን ሁሉ በሲፒዩ ያስተላልፋሉ፤ ትራፊኩ ሲጨምር ስዊቹ ይንቀራፈፋል። በካታሊስት 6500 ደግሞ በሃርድዌር የሚሠራ እያንዳንዱ ተነል የራሱ ሶርስ አድራሻ ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ «አይፒ ራውቲንግ» መብራቱን እዩና «ፒንግ 198.51.100.1 ሶርስ ሉፕባክ 0» ብላችሁ ሞክሩ። ይህ ካልመለሰ ተነሉን መንካት ከንቱ ድካም ነው።

በስዊች ሀ ላይ፦

ኢንተርፌስ ተነል 0
አይፒ አድረስ 10.255.0.1 255.255.255.252
ተነል ሶርስ ሉፕባክ 0
ተነል ዴስቲኔሽን 198.51.100.1
አይፒ ኤምቲዩ 1476

በስዊች ለ ላይ አድራሻው 10.255.0.2፣ ዴስቲኔሽኑ 192.0.2.1 ይሆናል፤ ሌላው ያው ነው። ከዚያ ወደ ማዶው ኔትወርክ መንገድ ስጡ፦ «አይፒ ራውት 10.20.0.0 255.255.0.0 ተነል 0»። በስዊች ለም የመልሱን መንገድ አትርሱ።

ኤምቲዩ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን ነው፤ 1476 ከየት መጣ? ጂአርኢ 4 ባይት፣ አዲሱ የአይፒ ሄደር 20 ባይት ይጨምራል፤ 24ቱን ከተለመደው የኤተርኔት ኤምቲዩ ከ1500 ቀንሱ። ይህ ከተዘለለ ፒንግ ይሠራል፣ ትልልቅ ፋይልና አንዳንድ ድረ ገጽ ግን ይንጠለጠላል። መሣሪያው የሚደግፈው ከሆነ «አይፒ ቲሲፒ አድጀስት-ኤምኤስኤስ 1436» ጨምሩ፤ ይህ በአንድ የቲሲፒ ፓኬት የሚጫነውን የውሂብ መጠን ይገድባል። ለመፈተሽ «ፒንግ 10.255.0.2 ሳይዝ 1476 ዲኤፍ-ቢት» በቂ ነው፤ ዲኤፍ-ቢት ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ ያዛል።

«ሾው ኢንተርፌስ ተነል 0» አፕ/አፕ ስላለ ብቻ አትመኑት። ወደ ዴስቲኔሽኑ መንገድ እስካለ ድረስ ማዶው ቢጠፋም አፕ ሊል ይችላል። «ኪፕአላይቭ 10 3» በየ10 ሰከንዱ ያጣራል፤ በሚደግፉት ሞዴሎች ላይ አብሩት። ፒንግ ካልሄደ ደግሞ በመሃል ያለው ፋየርዎል የአይፒ ፕሮቶኮል 47ን ይፍቀድ፤ ብዙዎች ፖርት 47 ከፍተው ለምን እምቢ አለ ይላሉ።

ተነሉ አፕና ዳውን እየተመላለሰ ሎጉ ላይ «ሪከርሲቭ ራውቲንግ» ከታየ፣ ስዊቹ ወደ 198.51.100.1 የሚያደርሰውን መንገድ የተማረው በራሱ በተነሉ በኩል ነው። ኦኤስፒኤፍ (መሣሪያዎች መንገዶችን በራሳቸው የሚማማሩበት ፕሮቶኮል) በተነሉ ላይ ሲበራ በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። ሉፕባኩን ከኦኤስፒኤፉ አውጡት፤ ወይም በፊዚካሉ ኢንተርፌስ በኩል የ/32 (ለዚያች አንድ አድራሻ ብቻ የሆነ) ስታቲክ መንገድ ስጡት።

ጂአርኢ ብቻውን ምንም አያመሰጥርም፤ ሚስጥራዊ መረጃ የሚያልፍበት ከሆነ የማመስጠሪያው አይፒሴክ ይጨመርበት፣ ኤምቲዩውም እንደገና ዝቅ ይበል።