የአሜሪካ ሆስፒታል ቢል ሲመጣ፣ ከመክፈልዎ በፊት

ከኢመርጀንሲ ከወጡ በኋላ ፖስታው መምጣት ይጀምራል። ደንግጠው ክሬዲት ካርድ አያውጡ፤ የሆስፒታል ዕዳ ካርድ ላይ ከተጫነ ወለድ የሚቆጥር የባንክ ዕዳ ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ ወረቀቶቹን ይለዩ።

ከኢንሹራንስ የሚመጣው «ዚስ ኢዝ ኖት ኤ ቢል» ይላል። አይከፈልበትም፣ ግን አይጣሉት። ሆስፒታሉ 2,400 ዶላር ጠየቀ፣ ከኢንሹራንሱ ጋር የተዋዋሉበት ዋጋ ደግሞ 900 ነው እንበል። የዓመቱን ዲዳክተብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ከኪስዎ የሚከፍሉትን መጠን) ገና ካልነኩት 900ው በሙሉ የእርስዎ ሊሆን ይችላል፤ ከጨረሱና ድርሻዎ 20 በመቶ ከሆነ ግን 180 ብቻ። የሆስፒታሉ ቢል 2,400 ካለ አንድ ነገር ተሳስቷል፤ ብዙ ጊዜ ኢንሹራንሱ አልተጠየቀም፣ ወይም ጥያቄው ተመልሷል።

እኛ ዘንድ አንዱ መነሻ ስም ነው። የኢንሹራንስ ካርዱ ላይ በላስት ኔም ቦታ የአባት ስም ይሰፍራል፣ ሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ደግሞ የአያት፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተነገረም ሰባት ስምንት ዓመት ይዛነፋል። ቢሊንግ ክፍል ደውለው፣ ካርዱን እያዩ ፊደል በፊደል ያስተካክሉና ለኢንሹራንሱ እንደገና እንዲልኩ ይጠይቁ። የመላኪያው ቀነ ገደብ ስላለው አያሳድሩት።

እንግሊዝኛው ካስቸገረ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ይበሉ፤ አያስከፍልም። ልጅዎን አያስተርጉሙ፤ የሕክምናና የገንዘብ ቃል ለልጅ ከባድ ነው፣ ሸክሙም የእሱ አይደለም።

ቀጥሎ «አይተማይዝድ ቢል» ያስልኩ፦ እያንዳንዱ መድኃኒትና ምርመራ ለየብቻ የተዘረዘረበት። ሁለቴ የተጻፈ ወይም ያልተደረገልዎ ነገር ካለ ምልክት አድርገው ይከራከሩ። ለአንድ ጉብኝት ሆስፒታሉ፣ ሐኪሙና ራጁን ያነበበው ሐኪም ለየብቻ ቢል ሊልኩ እንደሚችሉም ይወቁ። ከ2022 ጀምሮ ለድንገተኛ ሕክምና፣ ሆስፒታሉ ከኢንሹራንስዎ መረብ (ኢንሹራንሱ ከተዋዋላቸው ሆስፒታሎችና ሐኪሞች) ውጭ ቢሆንም፣ መረቡ ውስጥ ቢሆን ከሚከፍሉት ድርሻ በላይ ሊጠየቁ አይገባም። ሕጉ የመኪና አምቡላንስን አይጨምርም።

ቢሉ ትክክል ሆኖ አቅም ካጠረስ? ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች «ፋይናንሻል አሲስታንስ» (የገንዘብ እርዳታ) የተባለ የጽሑፍ ደንብ እንዲኖራቸው የፌደራል ሕግ ያስገድዳል። ኢንሹራንስ ያለውም ማመልከት ይችላል። የመጀመሪያው ቢል ከተላከበት ቀን ለማመልከት 240 ቀን አለዎት፤ በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ሆስፒታሎቹ እርስዎን መክሰስ ወይም ለክሬዲት ድርጅቶች ማሳወቅ አይችሉም። ፎርሙን ከድረ ገጻቸው ወይም ከቢሊንግ ክፍል ይውሰዱ። የሚጠየቁት አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ወራት የደመወዝ ወረቀት፣ የታክስ ፋይልና የቤተሰብ ብዛት ናቸው። ሥራ ካልጀመሩ የገቢውን ቦታ ባዶ አይተዉት፤ ዜሮ ብለው ጽፈው ማን እንደሚያኖርዎ የሚገልጽ ደብዳቤ ያያይዙ። ማመልከቻ የሚጓተተው እንዲህ ባለ ክፍተት ነው። የላኩትን ሁሉ ኮፒ ያስቀሩ፣ ያነጋገሩትን ሰው ስምና ቀኑን ይጻፉ።

እርዳታው ለየብቻ የሚያስከፍሉትን ሐኪሞች ላይሸፍን ይችላል፤ የትኞቹን እንደሚሸፍን የሚያሳየውን ዝርዝር ይጠይቁ። ለተረፈው ገንዘብ ወለድ የሌለው የወር ክፍያ ይጠይቁ፣ የሚችሉትን መጠን ራሳችሁ ቤት ተነጋግራችሁበት ይደውሉ፣ ስምምነቱንም በጽሑፍ ሳይቀበሉ የመጀመሪያውን ክፍያ አይላኩ።