ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ «ሁለት ሰዓት ላይ» አትበሉ

ውጭ አገር ላላችሁ፣ በተለይ ለእናት ለአባታችሁ ለምታስተረጉሙ። ነርሷ «መቼ ጀመራቸው?» ስትል እማማ «ሁለት ሰዓት ላይ» ይላሉ፤ ልጅ እንደ ወረደ ይተረጉመዋል። እሳቸው ያሉት የጠዋቱን ሁለት ነው፤ ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ግን በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። በአንድ ቃል 6 ሰዓት ተዛባ! (እኛም ቤት ደርሷል።)

መላው ቀላል ነው፦ «ከጀመራቸው 3 ሰዓት ሆኗል» ብላችሁ ንገሩ። ያለፈው ጊዜ በየትኛውም ሰዓት ቢቆጠር ያው ነው። የመጨረሻውን ክኒን የዋጡበትንም እንዲሁ።

ስትሮክ ከተጠረጠረ ይሄ ቀልድ አይደለም። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ቆጠራው የሚጀምረውም ታማሚው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየበት ሰዓት ነው። ከእንቅልፍ ሲነሱ አፋቸው ተጣሞ ካገኛችኋቸው፣ ሲተኙ ደህና ከነበሩ ያንን ተናገሩ።

ሰዓቱን ካላወቃችሁ ግን አትገምቱ፣ «አላየንም» በሉ። ለማስላት ብላችሁም አምቡላንስ መጥራት እንዳታዘገዩ፤ ስሌቱ መንገድ ላይ ይደርሳል።