ምርጫ ሲቃረብ ሆዳችሁ ባር ባር ለሚላችሁ

በአገራችን ሕግ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ባሉት አራት ቀናት የምረጡኝ ቅስቀሳ ይቆማል። የጥሞና ጊዜ ይባላል። ፓርቲዎቹ ዝም ሲሉ እኛ ግን ቴሌግራም ላይ አናርፍም። እኔ በ2013ቱ ምርጫ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ቀናቱን ለራሴም የጥሞና አደረግኳቸው። ዜና በቀን ሁለቴ ብቻ፣ ጠዋትና ከእራት በፊት። ስልኬ ማታ ማታ ሳሎን ያድራል። ከመኝታ ቤት ማስወጣቱ ብቻውን ስንት ነገር አቀለለልኝ!

እጃችሁንም ሥራ አስይዙት። የምርጫ ካርዴንና መታወቂያዬን አንድ ፖስታ ውስጥ ከትቼ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩ። ጃንጥላም አብሮ፤ ሰኔ ነዋ። ሰልፉ ሊረዝም ስለሚችል ውኃና ቆሎ ያዙ። ነገ የሚሆነውን ማወቅ ባይቻልም ፖስታው የት እንዳለ ማወቅ ልብን ያሳርፋል።

ወሬ እያመጣ የሚያስጨንቃችሁ ዘመድ ካለ ደግሞ፣ «እስቲ ቡና ይፈላና ሌላ እንጫወት» በሉት። አይቀየማችሁም፤ እሱም ጨንቆት ነው።

ውጤቱን በማግስቱ አትጠብቁ። ያኔ ሰኔ 14 ድምፅ ሰጥተን አጠቃላይ ውጤቱ የተገለጸው ሐምሌ 3 ነበር። ለነዚያ 19 ቀናትም ዜና በቀን ሁለቴ ይበቃል።