ሙያ ከመምረጣችሁ በፊት ይህችን ጥያቄ ጠይቁ

አዲስ ሙያ ልትጀምሩ እያሰባችሁ ከሆነ፣ ባለሙያውን «ሥራው ምን ችሎታ ይፈልጋል?» አትበሉት። ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ «ትዕግሥትና ፍቅር» ነው፤ እሱ ደግሞ ለመወሰን ምንም አይረዳም። ይልቅ «ጀማሪ ሁሌ የሚሳሳተው ምን ላይ ነው?» በሉት። እውነተኛው ሥራ ያኔ ይወጣል።

ፒያኖ የሚቃኝ ሰው እንውሰድ። ጆሮ ብቻ የሚበቃው ይመስለናል። ፒያኖ 88 ቁልፎችና ከ200 በላይ ክሮች አሉት፤ ብዙዎቹ ቁልፎች የሚመቱት ሦስት ክር ነው፣ ሦስቱም እንደ አንድ መሰማት አለባቸው። ሁለቱ ትንሽ ከተለያዩ ድምፁ ዋ... ዋ... ዋ... እያለ ይወዛወዛል። ቃኚው ያ ውዝዋዜ እየዘገየ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ ያዳምጣል። ጀማሪውን የሚጥለው ግን እጁ ነው! ክሩ የተጠመጠመበትን ብረት አደላድሎ ካላስቀመጠው፣ ቁልፉ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ቅኝቱ ወዲያው ይበላሻል።

ነርስነትም እንደዚያው። ደም ሥር በዓይን የሚፈለግ ይመስላል፤ ጎበዞቹ ግን በጣት ጫፍ ነው የሚያገኙት፣ ጫን ሲሉት መልሶ የሚነጥረውን።

መልሱን ከሰማችሁ በኋላ፣ ከተፈቀደላችሁ ግማሽ ቀን ከባለሙያው አጠገብ ሆናችሁ ጀማሪ የሚሳሳትበትን ያንኑ የሥራ ክፍል ደጋግማችሁ እዩ። አስር ጊዜ አይታችሁም «እስቲ እኔ ልሞክር» ካሰኛችሁ ጥሩ ምልክት ነው። እኔ ይህን ከደመወዙም አስቀድማለሁ። ጥያቄውን ግን ለዕረፍት ሰዓት አቆዩት፤ እጁ ሥራ ላይ እያለ አታቋርጡት።