በድሬዳዋ ሙቀት የሚግል ላፕቶፕ፦ ፋኑን ማጽዳትና የፕሮሰሰሩን ፔስት መቀየር እንዴት ይሠራል?

ሌኖቮ፣ ኤችፒና ዴል በላፕቶፖቻቸው የቴክኒክ ሰነድ ላይ ማሽኑ በሚሠራበት ቦታ ያለው ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳይበልጥ ይጽፋሉ። ድሬዳዋ ላይ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 35ን ማለፉ የተለመደ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፋን አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አየሩን አያቀዘቅዝም። ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም በዚያው መጠን ገደማ ይሞቃል። በዚህ ላይ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚነሳው አቧራ የአየር መውጫውን ሲዘጋው ማሽኑ መተንፈሻ ያጣል።

ፕሮሰሰር ሲግል ቶሎ አይቃጠልም። የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ 100 ዲግሪ አካባቢ፣ የኤኤምዲዎቹ ደግሞ እንደ ሞዴሉ ከ95 እስከ 105 ዲግሪ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ተጠቃሚው የሚያየው ጠዋት ደህና የነበረ ኮምፒውተር ከምሳ በኋላ ሲንቀራፈፍ ነው። ብዙ ሰው ይህን ቫይረስ ነው ብሎ ዊንዶውሱን ፎርማት ያስደርጋል፤ ችግሩ ግን ሶፍትዌሩ ላይ ስላልሆነ ፎርማቱ ምንም አይለውጥም።

ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ

ኤችዳብልዩኢንፎ የተባለውን የፕሮሰሰር ሙቀትና ፍጥነት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ማሽኑ ሥራ ሳይበዛበት ያለውን የፕሮሰሰር ሙቀት ጻፉ። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራውን የፈተና ፕሮግራም ሲኔቤንች አር23ን ለ10 ደቂቃ አስኪዱና ከፍተኛውን ሙቀትና ፍጥነቱን መዝግቡ። ለምሳሌ ቲንክፓድ ቲ480 እና ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ላይ የሚገኘው የኢንቴል ኮር አይ5-8250ዩ የመነሻ ፍጥነቱ 1.6፣ ከፍተኛው 3.4 ጊጋኸርትዝ ነው። ሙቀቱ 95 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ፍጥነቱ ከ1.6 በታች ከወረደ ማቀዝቀዣው ሥራውን አልተወጣም ማለት ነው። የክፍሉን ሙቀትና ሰዓቱንም አብራችሁ ጻፉ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ለክታችሁ፣ ካጸዳችሁ በኋላ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ብትለኩ ልዩነቱን ያመጣው ጽዳቱ ይሁን ምሽቱ አታውቁም።

የሚያስፈልገው

ፒኤች 0 እና ፒኤች 00 ፊሊፕስ ካቻቪቴ (አንዳንድ ማሽን ላይ ኮከብ ቅርጽ ያለው ቲ5 ያስፈልጋል)፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ወረንጦ፣ ስቴኪኒ፣ ያረጀ የኤቲኤም ካርድ፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ፣ አልኮልና ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መዳብ መካከል የሚቀባ፣ ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት)። አልኮሉ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ኢሶፕሮፒል ቢሆን ይመረጣል። ፋርማሲ ውስጥ የሚገኘው 70 በመቶ አልኮልም ይሠራል፤ ውሃ ስላለበት ግን ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ቢያንስ 15 ደቂቃ ጠብቁ። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አትጠቀሙ፣ ግሊሰሪኑ ቅባት ትቶ ይሄዳል። አሴቶን ደግሞ ፕላስቲክ ያቀልጣል።

ፔስቱ ላይ አትቆጥቡ። ስም የሌለው ነጭ ወይም ግራጫ ፔስት ርካሽ ነው፤ በዚህ ሙቀት ግን በጥቂት ወራት ደርቆ ሊሰነጣጠቅ ይችላል። ሲሪንጁን ስትጫኑ መጀመሪያ ዘይት፣ ከዚያ ዱቄት የመሰለ ነገር ከወጣ ፔስቱ ተለያይቷልና ጣሉት። አርክቲክ ኤምኤክስ-4 እና ኖክቱዋ ኤንቲ-ኤች1 አስተማማኝ ናቸው። ሃኒዌል ፒቲኤም7950 ካገኛችሁ ግን ለላፕቶፕ እሱን እመርጣለሁ፦ 45 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚለሰልስ ስስ ሉህ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር እንደ ተራ ፔስት ወደ ጠርዝ እየተገፋ አያልቅም። ሊኩዊድ ሜታል የሚባለውን አትንኩ። ውስጡ ያለው ጋሊየም አልሙኒየም ይበላል፣ ማዘርቦርድ ላይ ከፈሰሰም ሾርት ያደርጋል።

መፍታት

የሞዴላችሁን የጥገና መመሪያ ከአምራቹ ድረገጽ በነፃ አውርዱ፤ ሦስቱም ኩባንያዎች ብሎኖቹ የት እንዳሉ በሥዕል ያሳያሉ። አንዳንድ ሞዴል ላይ ብሎን ከታች ባለው የጎማ እግር ስር ይደበቃል፤ እሱን ሳያዩ በጉልበት የሚከፍቱ ሰዎች ሽፋኑን ይሰብሩታል።

ዊንዶውስን ስትዘጉ የሺፍት ቁልፍን ተጭናችሁ ዝጉ፣ ያኔ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ቻርጀሩን ንቀሉ። ቲንክፓድ ላይ አስቀድማችሁ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ገብታችሁ የውስጡን ባትሪ አጥፉ። ሽፋኑን እንደከፈታችሁ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ተጫኑ። የድሬዳዋ ደረቅ አየር ስታቲክ ኤሌክትሪክ ያበዛል፤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣችሁ አትሥሩ፣ ቦርዱን ከመንካታችሁ በፊትም ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት ንኩ።

ባትሪው ካበጠ እዚህ ላይ አቁሙ። ታችፓዱ ወደ ላይ ከተነሳ ወይም ሽፋኑ አልገጥም ካለ ምልክቱ ይኸው ነው። ያበጠ ባትሪ አይበሳም፣ አይጫንም፣ ተመልሶም አይገጠምም።

የማቀዝቀዣው መዳብ የተያዘባቸው ብሎኖች አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ስትፈቱ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ እያንዳንዱን ግማሽ ዙር ብቻ እያላላችሁ ዙሩ። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር እንደ ዴስክቶፑ የብረት ክዳን የለውም፤ መዳቡ በቀጥታ የሚያርፈው ሲሊከኑ ላይ፣ ማለትም ራሱ ቺፑ ላይ ነው። በአንድ ጥግ ብቻ ከተጫነ ጥጉ ይሸረፋል፣ ማዘርቦርዱም አብሮ ይሄዳል። መዳቡ ተጣብቆ እንቢ ካለ በካቻቪቴ አትፈልቅቁት። መልሳችሁ ገጣጥማችሁ ማሽኑን 5 ደቂቃ አስነሱት፤ ፔስቱ ሲሞቅ ይላላል፣ ከዚያ አጥፍታችሁ ባትሪውን ነቅላችሁ ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ አወዛውዙት።

ማጽዳት

አቧራው ፋኑ ላይ ብቻ አይደለም። ዋናው ያለው በፋኑና በስሶቹ የብረት ክንፎች መካከል ነው፤ እዚያ ተጠቅጥቆ ስስ ብርድ ልብስ ይሠራል። ከውጭ ብትነፉበት ይገለበጣል እንጂ አይወጣም። ስለዚህ ፋኑን ከክንፎቹ ለዩና ብርድ ልብሱን በወረንጦ ሳቡት፣ ብዙ ጊዜ ባንድ ቁራጭ ይወጣል። ቀሪውን በብሩሽ ጥረጉ።

ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የለመደ ሰው ብዙ ነው። አላስፈላጊ አደጋ ነው። ከጋኑ ውስጥ ውሃና ዘይት አብሮ ይወጣል፣ ግፊቱም ፋኑን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ አሽከርክሮ መሽከርከሪያውን ያበላሻል። በእጅ በሚነፋ ነገር ስትነፉም ቢሆን ፋኑ እንዳይዞር በስቴኪኒ ያዙት።

አሮጌውን ፔስት በካርዱ ጫፍ አንሱት፣ ከዚያ ሲሊከኑ ፊታችሁን እስኪያሳያችሁ ድረስ በአልኮል ጥረጉት። በዙሪያው ባሉት ሚሞሪና ቮልቴጅ ቺፖች ላይ ያሉትን ለስላሳ ፓዶች ግን ካልተቀደዱ አትንኳቸው። ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሚበልጠውን ክፍተት የሚሞሉት እነሱ ናቸው፤ በፔስት ሊተኩ አይችሉም።

መቀባትና መግጠም

የሩዝ ፍሬ የምታህል ፔስት በሲሊከኑ መሃል አኑሩና በካርዱ ሙሉውን በስሱ አዳርሱት። ጥግ ሳይቀባ ከቀረ ያ ጥግ ለብቻው ይግላል። ሲበዛ ደግሞ ሙቀት ማስተላለፉን ይቀንሳል። መዳቡን ቀጥ አድርጋችሁ አሳርፉ፣ ብሎኖቹን አሁን ከ1 ወደ 4 ግማሽ ግማሽ ዙር እያጠበቃችሁ ዝጉ። የፋኑን ሶኬት፣ መጨረሻ ላይ የባትሪውን ግጠሙ።

አንዳንድ ማሽን ባትሪው ከተነቀለ በኋላ ቻርጀር እስኪሰካበት ድረስ አይነሳም፣ አትደንግጡ። ኤችፒ ላይ 90ቢ የሚል ቁጥር፣ ሌኖቮ ላይ የፋን ስህተት የሚል ጽሑፍ ከመጣ ብዙውን ጊዜ የፋኑ ሶኬት በደንብ አልገባም።

ውጤቱን ማየት

በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ፈተና እንደገና ለኩ። ከፕሮሰሰሩ ሙቀት ላይ የክፍሉን ቀንሱና ከበፊቱ ልዩነት ጋር አወዳድሩ። ካልቀነሰ ፋኑ በሙሉ ፍጥነት መዞሩን አረጋግጡ። አንድ ኮር (ከፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች አንዱ) ከሌሎቹ በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ከበለጠ መዳቡ ዘሞ ተቀምጧል፤ ፈትታችሁ የፔስቱን አሻራ እዩ።

ጽዳቱን ድሬዳዋ ላይ በየ6 ወሩ፣ ቀዝቀዝ ባለችው ሐረር ደግሞ በዓመት አንዴ ብታደርጉ ይበቃል። ፔስቱ ጥሩ ከሆነ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል። በሰኔው ወበቅ ይህ ሁሉ ተደርጎም ማሽኑ 95 ዲግሪ የሚነካ ከሆነ ዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርዱ። አብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ይህ ቱርቦውን፣ ማለትም ከመነሻው በላይ የሚያስፈጥነውን አሠራር ያጠፋዋል፤ አይ5-8250ዩ ከ1.6 ጊጋኸርትዝ አይዘልም። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ ብዙም አይታወቃችሁም፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ወደ 100 መልሱት።